የተሰረዘው መልእክት

ከቴሌግራምና ከዋትሳፕ የትኛው ይበልጥ ያስፈራችኋል? እኔን የሚያስፈራኝ ዋትሳፕ ነበር።

የጎረቤቴ የነጋዴው የጋሽ ሰይድ ወንድም ከደቡብ ሱዳን ድንበር፣ ከማታር፣ በዋትሳፕ መልእክት ላከላቸው። ገና ሳያነቡት መልሶ አጠፋው፤ «ይህ መልእክት ተሰርዟል» የሚለው ብቻ ቀረ። ሲደውሉለት ኔትወርክ የለም።

«ደህና ነገር ቢሆን ለምን ያጠፋዋል?» አሉኝ።

ሱቃቸውን ዘጉ። ጋምቤላ ውስጥ ጎረቤት ሲዘጋ ምክንያት የሚጠይቅ አለ እንዴ? እኔም ሱቄን ቆለፍኩ፤ እስከ ምሳ ሰዓት መንገዱ ሁሉ ጭር አለ።

ከሰዓት በኋላ ወንድምየው ደወለ። ለሚስቱ ያነሳውን የዓሣ ፎቶ ነው ለካ በስህተት ለሳቸው የላከው!

በዚያው ቀን ሁላችንም ወደ ቴሌግራም ዞርን። እዚያ የላኩትን ሲያጠፉት ምልክት እንኳ አይቀርም።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ሰይድ ምንም መልእክት የሌለበት ስልካቸው ላይ አፍጥጠው፣ «ስንቱ ተሰርዞብን ይሆን?» አሉኝ።

ይኸው ዛሬም ሱቃችንን ዘግተናል።