በሬ እንኳ ይዳሰሳል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሄዶ ከሆነም በሽታው ወይ ወባ ነው ወይ ቁርጥማት፤ ሰው ሲያወራው የማያፍርበት። አረቄ ቢሆን ኖሮ ተረቱን በር ላይ ውጦት ይገባ ነበር። እናንተስ ሐኪም «ትጠጣለህ?» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? ገብቶኛል፤ «ለበዓል ብቻ» ነው የምትሉት። በአገራችን ደግሞ በዓል ሞልቷል። አቦ አለ፣ ሥላሴ አለ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም... ሐኪሙ በወር ስንት በዓል እንደሚውል አይጠይቅም፣ በሽተኛውም አይነግረውም። በሰላም ይለያያሉ።

ባሌ መኩሪያ ይህን ጥበብ አያውቅም ነበር። ጊዜው የደርግ ነው። እዚሁ ጉለሌ ቀኑን ሙሉ ሸማ ሲሠራ ይውላል፣ ሲመሽ አረቄውን ይጠጣል። አይሳደብም፣ አይማታም፤ ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ ቆይቶ ይተኛል። በቃ። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሆዱ ሲነፋ ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» አለኝ። የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ፣ ከቀበሌ የነጻ ሕክምና ወረቀት አጽፌ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት።

ዶክተሩ ሰፈሩን ሁሉ የሚያውቅ፣ ልጄንም አክሞ ያዳነልኝ ሰው ነው። መኩሪያን ግን ከወንበሩ ሳይነሳ ነው ያየው።

«ትጠጣለህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ልትሠራ መጣህ? አረቄ ሻጯ ታክምህ! አብዮቱ ሠራተኛ እንጂ ሰካራም አይፈልግም።»

ካርዱ ላይ አንድ ነገር ጫር አድርጎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ሆዱን አልነካውም። እኔ ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ሕክምና አላውቅም። ግን ሸጎሌ ከብት ተራ ሂዱና እዩ። ሰው በሬ ሲገዛ እንኳ ጥርሱን ያያል፣ ጎኑን ይዳስሳል። የእኔ ባል ከበሬ አንሶ ተመለሰ። ይባስ ብሎ መንገድ ላይ «ልክ ብሏል እኮ» አይለኝም መሰላችሁ? ደሜን ያፈላው ይኼ ነው።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሌላ ወጣት ዶክተር መጣ ሲባል ሰማሁ። መኩሪያን አስቀምጬ እንደ ቆሎ ተማሪ አስጠናሁት። «ለበዓል ብቻ ነው በል።» «ለበዓል ብቻ ነው።» ካርዱ ጠፋብን ብለን አዲስ አወጣን።

አዲሱ ዶክተር «ጋደም ይበሉ» አለው። መኩሪያን ከሕመሙ ይልቅ «እርስዎ» መባሉ አስደነገጠው። ዶክተሩ ሆዱን በሁለት እጁ ጫን ጫን እያደረገ «እዚህ ጋ ያምዎታል? እዚህስ?» እያለ ጠየቀው። መጠጡንም ጠየቀው። ባሌ ያስጠናሁትን አንድ ፊደል ሳይስት አለለት። እኔም በልቤ እልል አልኩ።

«ጥሩ» አለ ዶክተሩ፣ እጁን ሳያነሳ። «ክኒን እሰጥዎታለሁ። አደራ፣ ከአረቄ ጋር ከተገናኘ ጉበትዎን ይጨርሰዋል። መቼም ለበዓል ብቻ ነው ያሉኝ።»

መኩሪያ አየኝ። ላድነው ብዬ ያስጠናሁት ውሸት ሊገድለው ነው።

«በየቀኑ ነው የሚጠጣው» አልኩ።

ዶክተሩ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው እጁን ከሆዱ ላይ አነሳ። «ታዲያ ለምን ትዋሻለህ፣ አንተ!»

አያችሁ? ሆዱ ያው ሆድ ነው፣ ሕመሙ ያው ሕመም። እኔ ድምፄን ጎረቤት እንኳ የማይለየው ሴት ነኝ። ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፤ የዶክተሩን እጅ አፈፍ አድርጌ ባሌ ሆድ ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

«የዋሸው አፉ ነው» አልኩት። «እርስዎ የሚያክሙት ሆዱን።»

ያስወጣናል ብዬ ጠበቅሁ። አላስወጣንም። እጁም እዚያው ቀረ። ቀስ ብሎ፣ «መጠጡ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ። ይህን መኩሪያን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ስለማውቀው።

መኩሪያ ጣሪያውን እያየ መለሰ። «ወንድሜን ከቤት አውጥተው ከወሰዱት ማግስት ጀምሮ።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አንሥቶ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ካርድ ላይ ቢሰፍር ለበሽተኛውም ለሐኪሙም እንደማይበጅ ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል። እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ። ተነሥቶ በሩን ዘጋና ወንበሩን ወደ አልጋው ሳበ።