ኦፕሬተሮቼን ዛሬ አስተዋወቁኝ

ጉዴን ልንገራችሁ ነው፤ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ግን ሁለት ደቂቃ እዘኑልኝ።

ለማታውቁኝ፣ አዳማ ውስጥ ማትስ አስተምራለሁ። ሪሰርቼ ኦፕሬተር አልጀብራ ይባላል። እዚያ ኦፕሬተር ማለት ሰው አይደለም፣ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚቀይር የሂሳብ አሠራር ነው። አንድ ጥያቄ ላይ ሰባት ዓመት ተቀምጫለሁ።

ሰባት! ስጀምር ያልተወለዱ የጎረቤት ልጆች ዛሬ ዩኒፎርም ለብሰው «ደህና አደርሽ» ይሉኛል።

የቸገረኝ ጊዜ ነው። አምስት ሴክሽን ፍሬሽማን እያስተማረ ማን ያስባል? ስለዚህ የአንድ ዓመት የምርምር ፈቃድ ጠየቅኩ። ፎርሙ በአማርኛ አጭር መግለጫ ይፈልጋል። «የኦፕሬተሮች ቅደም ተከተል ሲለዋወጥ የሚፈጠረው ልዩነት» ብዬ ሞላሁ።

ወዲያው ጸደቀ!

ደብዳቤው «የጋርመንት ኢንዱስትሪውን ችግር ስለሚፈታ» ይላል።

አዎ፣ ገብቶኛል። በዚህ ከተማ ኦፕሬተር ማለት ፋብሪካ ውስጥ የስፌት ማሽን ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። በሰዓቱ ሄጄ «ስህተት አለ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ዓመቱን ፈለግኩታ! ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የኔው ነቀዘ።

ዛሬ ጠዋት የምርምር ቢሮ ኃላፊያችን በመኪና መጥተው ወሰዱኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ የባሰውም ለዚህ ነው። የወረድነው አንድ ልብስ ፋብሪካ በር ላይ ነው።

«በይ እንግዲህ ዶክተር፣ ኦፕሬተሮችሽ እነዚህ ናቸው» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

የሻይ ሰዓት ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ዶክተር መምጣቷን ለሁሉም አሳወቀ። ወዲያው ሰልፍ ተያዘ። የመጀመሪያዋን ወገቧን ያማታል፣ ሁለተኛዋን ዓይኗን። የሂሳብ ዶክተር መሆኔን ስነግራት ፊቷ ላይ ያየሁትን ሐዘን እናቴ ፊት ላይ እንኳን አይቼው አላውቅም።

ኃላፊው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉትና ጥናቱ ታዲያ በትክክል ምን ላይ እንደሆነ ጠየቁኝ። እዚያው ማሽኖቹ መሃል ተናዘዝኩ፤ ደብዳቤውን ሳነብ ገብቶኝ እንደነበርም ጭምር።

«እንግዲያው ፈቃዱ ይቀራላ» አሉ ቀስ ብለው። መኪና ውስጥ እንደሚጠብቁኝ ነግረውኝ ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እግሬን እየጎተትኩ ስወጣ ጫልቱ የምትባል፣ ከደራ የመጣች ልጅ አስቆመችኝ። እውነተኛ ኦፕሬተር!

«አካም ጅርቱ ዶክተር። የእርስዎ ሥራ ታዲያ ምንድነው?»

በሰባት ዓመት ይህን ከልቡ የጠየቀኝ ሰው የለም። ዘመድ የሚጠይቀኝ መቼ እንደማገባ ነው። ስለዚህ ነገርኳት። እጅጌውን ገጥመሽ ጎኑን ብትዘጊ፣ ወይም ጎኑን ዘግተሽ እጅጌውን ብትገጥሚ፣ ልብሱ አንድ አይወጣም አይደል? ልዩነቱ በጣም ትንሽ ከሆነስ? ሁለቱንም ሥራ ጥቂት ጥቂት ብናስተካክል ልዩነቱ ጨርሶ ይጠፋል ወይ? ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ እንደሚጠፋ ለማረጋገጥ ነው የምለፋው።

ትንሽ አሰበች።

«ለሁሉም ጨርቅ ነው?»

«ለሁሉም።»

«ለሁሉም ከሆነ አይሆንም። አንዳንዱ ጨርቅ እምቢ ይላል።»

ደወል ተደወለና ወደ ማሽኗ ሄደች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ኃላፊው በመኪናቸው ቤቴ ድረስ አደረሱኝ። በፈቃዱ መቅረት የተከፋሁ መስሏቸው ስወርድ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ የማስበው ግን የጥናቴን ገጽ አሥራ ሁለት ነበር። ከዓመታት በፊት «ለሁሉም» ብዬ የጻፍኩበት መስመር አለ፤ ግልጽ ነው ብዬ ያለፍኩት።

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። እምቢ የሚል አንድ ምሳሌ ፈለግኩ።

ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አገኘሁት!

አለቀ። ከገጽ አሥራ ሁለት በኋላ ያለው ሁሉ የቆመው እዚያ መስመር ላይ ነበር። ስልቹ ሰው ብሆን ኖሮ በሁለተኛው ዓመት ትቼው አግብቼ ነበር። የኔ ችግር ትጉ መሆኔ ነው።

ፈቃዱ ቀረ ብዬ ላለቅስ ነበር፤ አሁን ለምኑ ነው የማለቅሰው? ዓመቱን ቢሰጡኝም እኮ የምሠራበት ነገር የለም። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ነገ አንድ ሰው «ሰባት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልበል?