የመርጌታ ላቀው ባለቀለም ሊጥ

ዓሣ ቀለም ይመርጣል ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፤ ግድ የለም። እኔ ግን ነገሩን የተማርኩት በሳቅ ሳይሆን በድንጋጤ ነው። ያውም በአንድ ድንጋጤ መስሏችሁ? ድንጋጤው ተራ ይዞ ነው የመጣው። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

ወንዛችን ከመካነ ሰላም ደጋ ተነሥተው ወደ ዓባይ ቆላ ከሚወርዱት አንዱ ነው። ዓሣ እንዳለው ሁሉም ያውቃል፤ የሚበላው ግን የለም። ለምን ብትሉ፣ ዓሣ በእኛ ዘንድ የእባብ የአክስት ልጅ ነው። ቅርፊት አለው፣ ይሙለጨለጫል፣ ዐይኑን አይከድንም። እንዲህ ያለውን ነገር ማን አፉ ውስጥ ይከታል? ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልከለከለችም። የከለከለው አገሩ ነው። አገር የከለከለው ነገር ደግሞ ንስሐ እንኳ የለውም። አንድ ሰው ዓሣ በላ ከተባለ የልጅ ልጁ ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ ይነሣበታል።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ዝናቡ ቀረ፣ እህሉ ቀረ፣ ከብቱ አለቀ። የቀረን ስብሰባ ብቻ ነበር። እኔ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ስላችሁ ቀላል ሰው እንዳይመስላችሁ። የእርዳታው እህል መካነ ሰላም ሲደርስ ማን እንደሚሰፈርለት የሚታወቀው እኔ ከጻፍኩት ዝርዝር ነው። ሰው ከሩቅ ሲያየኝ ይነሣልኝ ነበር። ይህም ትንሽ ሳያበላሸኝ አልቀረም።

ፊደል ያስቆጠሩኝ መርጌታ ላቀው ናቸው። ማኅሌት ይመራሉ፣ ብራና ይጽፋሉ፣ ቀለሙንም የሚበጠብጡት ራሳቸው ናቸው። ልጅ የላቸውም። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ብቻ ናቸው። እሳቸው ባስተማሩኝ ፊደል ስማቸውን ከዝርዝሩ አናት ላይ ጻፍኩት። ውለታ መለስኩ ብዬም ኮራሁ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ወደ ወንዙ ወረድኩ። ወንዝ ማለቴ ለወጉ ነው። ውሃው ተቆራርጦ ከገደሉ ሥር አንድ ጥልቅ ኩሬ ብቻ ቀርቷል። ከቁጥቋጦው ማዶ ሰው አየሁ። መርጌታ ላቀው ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብለዋል። ከፊታቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። በድንጋዩ ላይ አራት ድብልብል ነገሮች ተደርድረዋል። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጥቁር። ጠጋ ብዬ ባይ ሊጥ ነው። ሊጥ! በዚያ ዓመት! ሰው የሣር ሥር እየቆፈረ በሚበላበት ጊዜ!

ክው ብዬ ቀረሁ። እሳቸው ቀዩን አነሡ፣ በክር ወደ ኩሬው ለቀቁት፣ ከዚያም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አንዳች ነገር አነበነቡ። ቆይተው ሳቡት። ደግሞ ቢጫውን ሰደዱ፣ ደግሞ አነበነቡ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ደብተራ፣ ባለቀለም ሊጥ፣ ወንዝ፣ ንብንብታ። ለወንዙ ቆሌ እየገበሩ ነው አልኩ። ትንሽ ብቆይ ኖሮ ክሩ ጫፍ ላይ ምን እንዳለ አይ ነበር። አልቆየሁም፤ ሽቅብ ሮጥኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ማፍሰሱን እንጂ መልቀሙን አላወቅሁበትም።

ክሱን በዚያው ቀን ጻፍኩ። “የእርዳታ ዱቄት ለአጉል እምነት ማዋል” አልኩ። “አድኃሪ” የምትለውንም ጨመርኩባት። ያኔ አድኃሪ የማትል ክስ ጨው እንደሌለው ወጥ ነበረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያው ሰሞን ሚስቴ አራስ ነበረች። ጡቷ ደርቆ ልጁ ሌት ተቀን ያለቅሳል። እትዬ ዘነበች በየሁለት ቀኑ በትንሽ ድስት መረቅ ያመጡላት ነበር። የዶሮ ነው ይላሉ። መረቁ ወተት ሆነና ልጁ ዝም አለ። በዚያ ዓመት ዶሮ ከየት መጣ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ልጁ ዝም ያለለት አባት ጥያቄ አያበዛም።

ሸንጎው ከማኅበሩ ቢሮ ፊት ለፊት ከወይራው ሥር ተቀመጠ። ሊቀመንበራችን አቶ ይማም ነው። ቆፍጣና ሰው ነው፤ ሶላቱን በሰዓቱ፣ ስብሰባውንም በሰዓቱ። ክሱን አነበብኩ። ሕዝቡ አፉን ያዘ። አቶ ይማም እህል ወደ ውሃ የሚወረውር ሰው አልተራበም ማለት ነው፣ ክሱ እውነት ከሆነ ከዝርዝሩ ይሰረዛል አለ። መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያኔ ከዝርዝር የወጣ ሰው ብዙ ሳይቆይ ከሰፈሩም ይወጣል። ወይ በእግሩ፣ ወይ በቃሬዛ። መርጌታና እትዬ ዘነበች ደግሞ በእግር የሚወጡበት ዕድሜ ላይ አልነበሩም። ይህን እያወቅሁ ነው ያነበብኩት።

“መርጌታ፣ ሊጡ ለማን ነው?” አለ አቶ ይማም።

መርጌታ መሬቱን በመቋሚያቸው ጫር ጫር አደረጉ። ዛሬ ሳስበው እንዴት ያለ ምጥ ነበር! ለቆሌ ነው ቢሉ ጠንቋይ ሊባሉ ነው። ለዓሣ ነው ቢሉ ዓሣ በላ ሊባሉ ነው። በሁለቱም በኩል ገደል። ሆኖም ጠንቋይ ይፈራል፤ ዓሣ በላ ይናቃል። ሰው ደግሞ ከመናቅ መፈራትን ይመርጣል።

“ለቆሌው ነው” አሉ።

ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ተነፈሰ። ማኅሌት የሚመራ ሰው! ከሳሹ እኔ ነኝ፤ ከሁሉ ይልቅ የደነገጥኩት ግን እኔ ነኝ። ክሴ እውነት ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር መሰለኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ያሉት ወደው አይደለም። የኛ መስከረም ከጠባ ወር አልፎት እንኳ ጉዱ አላለቀም ነበር።

እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ መካከል ብድግ አሉ።

“ውሸታቸውን ነው። ለዓሣ ነው። ተይዞ ሲመጣ የምቀቅለውም እኔ ነኝ።”

ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ እንትፍ አለ። መርጌታ ግን፣ ታምኑኛላችሁ፣ ፊታቸው ፈካ። ለካስ ከውርደቱ ይልቅ የከበዳቸው ዕውቀቱን ይዞ መቀመጡ ኖሯል። ከተገለጠማ ብለው ማስተማር ጀመሩ። ስለ መሰረዝ የተሰበሰበው ሸንጎ ስለ ሊጥ ጉባኤ ሆኖ ቁጭ አለ።

መጀመሪያ በነጭ ሊጥ ሞከርኩ አሉ። ውሃው ጥርት ያለ ጊዜ ነጩ ደህና ነበር። ሆኖም መንጠቆው ወግቶት ያመለጠ ዓሣ ነጭ ባየ ቁጥር ይሸሻል፤ ሌላውም እሱን አይቶ ይሸሻል። በጥላሸት ያጠቆርኩትን ከጭቃው ለይቶ የሚያየው የለም። ከዚያ በእርድ ቢጫ አደረግሁት አሉ። ውሃው ሲደፈርስ ቢጫው ከሩቅ ይታያል፤ ዓሣውም ገና አልተወጋበትም። ትንሽ አብሽ ካሸተተማ አያልፈውም። ቀለሙ ብቻ ግን አይበቃም አሉ ጣታቸውን አንሥተው። ሊጡ ተንጠልጥሎ ከተወዛወዘ ዓሣው ይጠረጥራል። ወርዶ ከወለሉ ላይ እንደ ወደቀ ፍሬ መተኛት አለበት። ክሩም መላላት አለበት። ይህ ዓሣ ሪዛም ነው፤ በሪዙ ይዳስሳል፣ ይመጣል፣ ይተፋል፣ እንደገና ይመጣል። ስለዚህ አንድ መዝሙረ ዳዊት እስኪደገም እጅን አለማንቀሳቀስ ነው። ያ የሰማሁት ንብንብታ ዳዊት ኖሯል! በቅርቡ አንድ የዓሣ ባለሙያ ይህን ሁሉ ብነግረው፣ ዓሣው ካርፕ የሚሉት ዘመድ ነው፣ መርጌታም ልክ ናቸው አለኝ። ክሩ የፈረስ ጭራ፣ መንጠቆው የታጠፈ መርፌ ቁልፍ እንደነበር ስነግረው ግን ማመን አቃተው።

“ቀዩስ?” አለ አንዱ ከኋላ። ዓሣ የሚባል ነገር አልሰማም ብሎ ጆሮውን ይዞ የነበረው ሰው ነው።

“ቀይ የሚያምረው ከውሃ ውጭ ነው” አሉ መርጌታ። “ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይጠቁራል። እታች ሲደርስ ቀይ የሚባል ነገር የለም።”

ሰው ሁሉ ሳያስበው ከቢሮው ጣራ ላይ የተሰቀለውን ቀይ ባንዲራ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ አቀረቀረ። አቶ ይማም ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ይህችን አትጻፋት አለኝ። ድሮስ ብዕሬን መች አነሣሁ!

ሆኖም ሕግ ሕግ ነው። አቶ ይማም ተነሣ። ዓሣም ቢሆን ምግብ ነው፣ ምግብ ያለው ሰው ደግሞ እርዳታ አይሰፈርለትም፣ ስለዚህ ይሰረዙ አለ። ብዕሬን ከስማቸው ላይ አሳረፍኩ።

“መልካም” አሉ እትዬ ዘነበች። “እንግዲያውስ ዓሣ የበላ ሁሉ ይሰረዝ። እኔ ልቁጠርላችሁ፣ ጸሐፊው ይጻፍ። መጀመሪያ የራሱን አራስ ይጻፍ።”

ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። መረቁ! ዶሮው! የልጄ ወተት የመጣው ከዚያ ኩሬ ነው። ጻፍኩት፣ ከሰስኩት፣ አድኃሪ ያልኩት ያንን መረቅ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ዘነበች ግን አላቆሙም። የሰፈራችንን ዐይነ ስውር ሽማግሌ ጠሩ። አሁን ደጋግመው ሲያማትቡ የነበሩትን ሁለት ባልቴቶች ጠሩ። ባልቴቶቹ እጃቸው ግንባራቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

“የአንቱም እናት አሉ፣ አቶ ይማም” አሉ በመጨረሻ።

አቶ ይማም አመድ መሰለ። እንደምታውቁት እኛ አገር ክርስቲያንና እስላም ልቅሶውም ሠርጉም አንድ ነው። የሚለየን ቢላዋው ብቻ ነው። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም። አሁን እናቱ፣ ሐጅ መሄድ የሚያምራቸው እናቱ፣ የደብተራ ዶሮ መረቅ ጠጥተዋል።

“ማን ያረደውን?” አለ። ዓሣ መባሉን በድንጋጤው ረስቶ፣ የታየው በየቤቱ የዶሮ እየተባለ የገባው መረቅ ነው።

“ዓሣ ነው እኮ የምልዎት። ዓሣ ማን ያርደዋል? ከውሃ ሲወጣ ራሱ ይሞታል። ለእርሳቸው ደግሞ እውነቱን ነግሬያቸው ነው የጠጡት።”

አቶ ይማም ቀስ ብሎ ተቀመጠ። “አልሐምዱሊላህ” አለ። ጥምጣሙን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። እኛ ክርስቲያኖቹ ዶሮ ያልነው ነገር ዓሣ ሆነብን ብለን ስንንገሸገሽ፣ እሱ ዶሮ ያለው ነገር ዓሣ ሆነለት ብሎ ነፍሱ ተመለሰች። አንድ ድስት መረቅ፣ ሁለት ድንጋጤ! ከዚያ የሸንጎው ነገር አላለቀ ወይ? ስማቸው እንዳለ ይቆይ አለ። ዓሣ አንድ ቀን ይገኛል፣ አንድ ቀን ይታጣል፣ በዝርዝር የሚገባ ምግብ አይደለም አለ። እኔንም ክሱን ቅደደው አለኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የቀደድኩት ወረቀት የለም።

በሳምንቱ ወደ ኩሬው ወረድኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ነው፤ መርፌ ቁልፍና ሊጥም ይዣለሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል? መርጌታ ከዚያው ድንጋይ ላይ ናቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዙኝና ሊጤን አዩ። ነጭ ነው። ከራሳቸው ቢጫ ቆርሰው ሰጡኝ። ጣልኩት። ክሩ ንቅንቅ አለ። ሳብኩት፤ ባዶ ነው።

“ቶሎ ጎተትህ” አሉኝ። “ገና እየቀመሰ ነበር። ምን እንደሆነ ሳታይ ለምን ትጎትታለህ?”

ስለ ዓሣው ብቻ ይሁን አይሁን አልጠየቅኋቸውም። አቀርቅሬ ዳዊት መድገም ጀመርኩ። ቀትር ላይ የክንድ ያህል አንድ ሪዛም ወጣልኝ።

በጋቢዬ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት። ሚስቴ ገና ከአራስ ቤት ስላልወጣች የሸንጎውን ወሬ አልሰማችም መስሎኝ ነበር። እንዳትደነግጥ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ። የጠጣሽው መረቅ የዶሮ አይደለም አልኳት፤ ጋቢውንም ገለጥ አደረግሁላት። ልጁን እያጠባች ነበር። ቀና ብላ ዓሣውን አየችው፤ አልደነገጠችም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ኖሯል። እትዬ ዘነበች ነግረዋት፣ ላትናገር ምላ ተቀብላቸው ነው የጠጣችው።

“ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት። በዚያ ሁሉ ወራት ያኔ እንደደነገጥኩት አልደነገጥኩም።

ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው።

“ትከሳቸው ነበራ” አለችኝ።