የጋሽ መኩሪያ በራሪ ወረቀት

በአብዮቱ ዘመን በራሪ ወረቀት ሲጽፍ የኖረ ሰው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲገባ ብዕሩን የሚያስቀምጥ ይመስላችኋል? የሕንፃችንን ጋሽ መኩሪያን ስለማታውቋቸው ነው!

ባለፈው ቅዳሜ ልብስ በምናጥብበት ላውንደሪ ሩማችን ግድግዳ ላይ፣ ከልብስ ማድረቂያው ድራየር በላይ፣ ስም የሌለው ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። «ሰፊው የሕንፃችን ነዋሪ ሆይ! ልብሱን ድራየር ውስጥ ትቶ የሚጠፋ አድኃሪ ያለምሕረት ይጋለጥ!» ይላል። እንዲህ የሚጽፍ ከእሳቸው ሌላ ማን አለ?

ድራየሩን ስከፍት ግን ጋሽ መኩሪያ ክረምት ከበጋ የሚለብሱት ቡናማ ሹራብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ወስጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ጋሼ፣ አድኃሪው እርስዎ ነዎት እኮ!» ብዬ ሹራቡን ሰጠኋቸው።

ያፍራሉ ስል ፊታቸው በራ።

«ዕድሜ ልኬን ስጽፍ ወረቀቴን አንብቦ የታረመ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ ሹራቡን እያጠለቁ። «ይኸው ዛሬ አንድ ተገኘ፤ እኔው ራሴ!»