በመስኮት የተነቀለ ጥርስ

[አቃቂ፣ በ1950 ዓ.ም.። ከባሕር ማዶ የመጣው ጉንፋን የክር ፋብሪካውን ሠራተኛ እያሳለ ነው። ቀናው የፋብሪካው ክሊኒክ ቁስል አሻጊ (ድሬሰር) እና ጥርስ ነቃይ ነው፤ አፉን በሻሽ ሸፍኖ፣ የጎማ ጓንት አጥልቆ፣ በሩን ቆልፎ በመስኮት ያነጋግራል። ሙህዲን የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ያበጠ ጉንጩን በጨርቅ አስሮ ደጅ ቆሟል።]

ቀናው: አልኩህ እኮ፤ አፍህን ሳትከፍት አስረዳኝ።

ሙህዲን: ጥርሴ ግን አፌ ውስጥ ነው፣ አቶ ቀናው።

ቀናው: እሱን አላጣሁትም። ከላይ ነው ከታች?

ሙህዲን: [ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል።]

ቀናው: ምንድን ነው እሱ? ሰማዩን ነው የምነቅልልህ?

ሙህዲን: ከላይ ማለቴ ነው። አፍህን አትክፈት ስላሉኝ ነው።

ቀናው: ስማ ሙህዲን። ይሄ በሽታ የሚጋባው በትንፋሽ ነው። ሌላው ሐኪም ጀርባ መታ መታ አድርጎ ይሸኛል። እኔ ግን ሳል በሚወጣበት ጉድጓድ ጭንቅላቴን አስገብቼ ነው እንጀራ የምበላው።

ሙህዲን: እዚያ ውስጥ ሆነው ይበላሉ?

ቀናው: [ሻሹን ወደ አገጩ አውርዶ] አነጋገር ነው፣ አነጋገር።

ሙህዲን: ሻሹን ለምን አወረዱት?

ቀናው: እንድትሰማኝ ነዋ። አፍኖኝ እንዴት አወራለሁ?

ሙህዲን: ሲያስነጥስዎትስ?

ቀናው: ያኔም አወርደዋለሁ። ይቆሽሻል።

ሙህዲን: ለእኛስ ሻሽ አይሰጡንም? ፈትል ክፍል ትከሻ ለትከሻ ነው የምንቆመው። አንዱ ሲያስል የሁላችንም ክር ይበጠሳል።

ቀናው: ሻሹ ትንሽ ነው። መጀመሪያ ለዳይሬክተሩ፣ ቀጥሎ ለባለቤታቸው፣ ከዚያ ለውሻቸው ተሰጠ።

ሙህዲን: ውሻውም ያስለዋል?

ቀናው: እግሩን ተሰብሮ ነው። ለእናንተ «አፋችሁን ሸፍኑ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎላችኋል።

ሙህዲን: አይቼዋለሁ። ሻሹ የተሠራበትን ክር እኮ የፈተልነው እኛ ነን።

ቀናው: ለዚህ ነው የማያስፈልጋችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ስትተነፍሱት ነው የምትውሉት። በል አሁን ሂድና ጉንፋኑ ሲያልፍ ተመለስ።

ሙህዲን: እስከዚያ ሥራ የለኝም። ፊቴን በጨርቅ አስሬ ሲያየኝ ዘበኛው በሽተኛ ነህ ብሎ ከበር መለሰኝ። ጥርሴን ነው ብለውም አላመነኝም። የተነቀለውን ጥርስ ካላሳየኸኝ አትገባም አለ። ነገ ካልገባሁ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል። ባለቤቴ አዚዛ ደግሞ ልትወልድ ደርሳለች።

ቀናው: [ትንሽ ያስባል።] ክር አለህ?

ሙህዲን: የፈትል ሠራተኛ ክር ያጣል?

ቀናው: ጥሩ። አንዱን ጫፍ የታመመው ጥርስህ ላይ እሰር፤ ሌላውን በመስኮት ወርውርልኝ። እኔ ከውስጥ እጎትታለሁ። ንክኪ የለም፣ ትንፋሽ የለም። እንዲህ ያለ ዘዴ አውሮፓም ገና አልደረሰም።

ሙህዲን: [ዞር ብሎ ሲታገል ቆይቶ] አሰርኩት። ይኸውልዎ።

ቀናው: [ይጎትታል፤ ክሩ ከጓንቱ ያመልጠዋል።] ያዳልጣል። ጓንቱን በሳሙና አጥቤዋለሁ።

ሙህዲን: ያውልቁታ።

ቀናው: ያንተ ምራቅ የነካውን ክር በባዶ እጄ ልይዝ? አብደሃል እንዴ?

ሙህዲን: ታዲያ በምን ሊይዙት ነው?

ቀናው: በጥርሴ። [ክሩን የፊት ጥርሱ ላይ ይጠመጥማል።]

ሙህዲን: ምራቁስ?

ቀናው: ክሩ ረጅም ነው። እዚህ እስኪደርስ ይደርቃል። አሁን ጸጥ ብለህ ቁም። [ጠምጥሞ ጨርሶ፣ ጥርሱን ነክሶ] እንእሄድ።

ሙህዲን: ምን አሉኝ?

ቀናው: እን... እሄድ። ንእእሄድ።

ሙህዲን: ልሂድ?

ቀናው: [ራሱን በኃይል እየነቀነቀ] እንእሄድ።

ሙህዲን: እሺ፣ እሺ፤ አይቆጡ። [ወደ ግቢው በር ይሮጣል። ከክሊኒኩ ውስጥ ወንበር ሲወድቅ፣ ቀጥሎም ሰው ሲወድቅ ይሰማል።]

ሙህዲን: [ክሩን እየጎተተ ይመለሳል።] አቶ ቀናው፣ እጅዎ ይባረክ። መጀመሪያ ትንሽ ያዝ አደረገኝ፣ ከዚያ ለቀቀ። ይኸው ጥርሱ ክሩ ላይ ተንጠልጥሏል። [በምላሱ አፉን ይዳስሳል። እንደገና ይዳስሳል።] የኔው ግን እቦታው አለ።

ቀናው: [ከወለሉ ላይ፣ አፉን በሁለት እጁ ይዞ] እንዳትሄድ ነበር ያልኩህ።

ሙህዲን: ታዲያ ይሄ የማን ነው?

ቀናው: [ተነስቶ በመስኮቱ ይታያል፤ አፉ መሐል ክፍት ነው።] አምጣው። የማንስ ሊሆን ይችላል?

ሙህዲን: [ጥርሱን ከክሩ ፈትቶ ያገላብጠዋል።] የኔውማ መንጋጋ ነው፤ ሥሩ ጠንካራ ነው። ይሄ ቀድሞ የወጣው የእርስዎ የፊት ጥርስ ስለሆነ ነው።

ቀናው: አምጣው አልኩህ እኮ። ወዴት ነው?

ሙህዲን: ወደ ዘበኛው። የተነቀለ ጥርስ አሳየኝ ነው ያለኝ፣ የማን መሆን እንዳለበት አልነገረኝም።