ሣር ላይ ዋና ያስተማረኝ ዋርሳዬ

ያ በጋ እንደ ምድጃ የሚያቃጥል በጋ ነበር። የቤቴን አባወራ ከቀበርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ መስኮት መክፈት እንኳ ይታክተኝ ነበር። ሐይቁ ዳር ያለው መናፈሻ ግን ቀዝቀዝ ያለ፣ ጫጫታ የሌለበት፣ ዛፉ እስከ ውሃው ድረስ የወረደ ቦታ ነው። ቤተሰባችን በየዓመቱ ድንኳን ይዞ እዚያ ይሰፍራል።

መቼም ሽርሽር በተወጣበት ሁሉ ማንም ሳይሾመው ራሱን የሚሾም አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ቤት አለ። የእኛው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ ነው። ልጆቹ «ክቡርነታቸው» ይሉታል፤ በሌለበት እንዳይመስላችሁ፣ ፊት ለፊቱ። እሱም እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል።

ክቡርነታቸው ገና ከመኪና ሳይወርዱ ትእዛዝ ይጀምራሉ። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ወደ ላይ ያነሡና «ነፋሱ በዚህ ነው የሚመጣው» ይላሉ። ነፋሱ በዚያ ይመጣል። ያን ዓመት ድንኳኑ ምሳ ሳንበላ እላያችን ላይ ተደረመሰ። ከሸራው ሥር እየዳኽን ስንወጣ ምን ቢለን ጥሩ ነው? «አልወደቀም፣ ተቀመጠ እንጂ! እኔ ባልኖር ምን ይውጣችሁ ነበር?»

የማያውቀውን ሰው እሳት ሳይቀር ይነካካል። «ወንድሜ፣ እንጨቱ እንዲህ አይደለም» ብሎ ያጎነብሳል፤ እሳቱ ይጠፋል። ሰዎቹ ግን ምኑን እንደሚወዱለት እንጃ፣ ዳቦ አስይዘው ነው የሚሸኙት።

ዋና የሚያስተምረው ደግሞ ሣር ላይ ነው። ውሃ ከመንካት በፊት መሬት ላይ መተኛት ግድ ነው። «እጅ! እግር! ትንፋሽ!» የቤታችን ልጅ ሁሉ ደረቱን ሣር እያሳከከው ነው ያደገው።

እኔ ያን ሁሉ ዓመት የልብስና የጫማ ጠባቂ ነበርኩ። ባለቤቴ ከውሃው ውስጥ «ነይ እንጂ!» እያለ እጁን ሲያወዛውዝልኝ «ዛሬ ይቅር፣ ለከርሞ» እለዋለሁ። ለከርሞ፣ ለከርሞ እንዳልኩ እሱ ሄደ። ያን ቀን ውሃውን ሳየው የምጠብቀውን ጫማ ትቼ ተነሣሁ። ጉልበቴም እየከዳኝ ነው፤ ዘንድሮ ካልገባሁ መቼም አልገባ። ዋርሳዬን ጠጋ ብዬ «እኔም ልግባ» አልኩት።

ይስቅብኛል ብዬ ነበር። ኮስተር አለ።

«እትዬ፣ ሣሩ ላይ ተኚ።»

«በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ምን ይለኛል!»

«ሰው ምን ያውቃል? በጀርባሽ!»

የቤት ቀሚሴን እንደለበስኩ ተንጋለልኩ። ሴት ልጄ እየሮጠች መጣች። «እማዬ፣ ምን ነካሽ? ኧረ ተነሺ፣ መሳቂያ ልታደርጊን ነው!»

«አንቺ ዞር በይ፣ ትምህርት ላይ ናት» አላት።

ከዚያ እጄን ይዞ ወደ ውሃው ወሰደኝ። ቅዝቃዜው ወገቤ ጋ ሲደርስ «ኧረ ይቅርብኝ!» አልኩ። «ጆሮሽን ውሃ ይግባው፣ አንቺ ሰማዩን እዪ» አለና መዳፉን ከጀርባዬ ሥር ዘረጋ። ቀሚሴ ዙሪያዬን ተነፋ። እግሬ መሬቱን ለቀቀ።

«ለቅቄሻለሁ እትዬ! ብቻሽን ነሽ!» ብሎ ሐይቁን በጩኸት ሞላው። ዳር ያለው ሁሉ አጨበጨበ፤ ልጄም ጭምር።

አልለቀቀኝም። ጣቶቹ ወገቤ ሥር ነበሩ። ዕድሜውን ሙሉ ያልሠራውን ሠራሁ ሲል የኖረ ሰው፣ ያን ቀን የሠራውን አልሠራሁም አለ። እኔም ያወቅኩበት አልመሰልኩም። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ባለቤቴ ለምን እንደዚያ ይጠራኝ እንደነበር ገባኝ። ይህን የሰጠኝን ሰው እግዜር ይስጠው።

ክቡርነታቸው አሁን ታላቅ ልጁ ቤት ነው። ከጓዳው ቀጥሎ ያለችውን ክፍል ሰጥተውታል፤ እግሩ እምቢ ስላለው አይወጣም። ባለፈው እሁድ ልጠይቀው ስሄድ፣ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ምራቱን ስለ መጋረጃ አሰቃቀል ሲያዛት ደረስኩ።