ሁሉም ሰው ደግ የነበረበት ላፕቶፕ

አሮጌ ዕቃ መስጠት ቀላል ይመስላችኋል። ኮት ከሆነ ኪሱን ፈትሾ፣ አልጋ ከሆነ ትኋኑን አራግፎ መስጠት ነው፤ ተቀባዩ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ ለሰጪውም ቤቱ ይሰፋለታል። ላፕቶፕ ግን እንዲህ አይደለም። ሰው ላፕቶፑን ሲሰጥ የሆዱን አብሮ እንዳይሰጥ ይፈራል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ «ሪሴት ያድርጉት» ይሏችኋል፤ ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ባዶ ያድርጉት ማለታቸው ነው። ሰውም እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢኖረው፣ እኔ ራሴ ስንቴ በተጫንኩት ነበር።

የኔው ላፕቶፕ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ካልሰኩት አይነሳም። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን እዚህ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ በኛ ሰፈር ሰው በሞተ ቁጥር የሕይወት ታሪኩ የሚጻፈው በሱ ነው። መቼም ታውቁታላችሁ፤ አስከሬኑ ከመውረዱ በፊት አንድ ሰው ብድግ ይልና ከወረቀት ያነባል። «ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ» ብሎ ይጀምርና «ደግ፣ ርኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ የተጣላ አስታራቂ ነበሩ» ብሎ ይጨርሳል። ያ አንባቢ እኔ ነኝ። ጸሐፊውም እኔ ነኝ። መዝገብ ቤት ስለምሠራ ጽሕፈት የሚሆንልኝ ይመስላቸዋል።

አሠራሬን ልንገራችሁ፣ አትታዘቡኝ። ሰው ሌሊት ያርፋል፣ በማግሥቱ ከሰዓት ይቀበራል። ቤተሰቡ እያለቀሰ ቁጭ ብዬ «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብዬ ልጠይቅ? ያለፈውን ሟች ፋይል እከፍታለሁ። ስም እቀይራለሁ፣ የትውልድ ቦታ እቀይራለሁ፣ የልጆቹን ቁጥር አስተካክላለሁ። ደግነቱን አልነካም። «ነበሩ» ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ አማርኛ ለቸኮለ ሰው አዛኝ ነው። ከዚያ ሴቭ፤ በዚያው ስም፣ በዚያው ፋይል ላይ። አዲሱ ሟች የቀድሞውን ያጠፋዋል። እስከ ዛሬ ቅሬታ ያቀረበብኝ የለም።

ታዲያ ዘንድሮ ምሕረት ዩኒቨርሲቲ ገባች። የጎረቤቴ የአበበች ልጅ ናት። አባቷ ዮሐንስ ጓደኛዬ ነበር፤ መሃል ከተማ ሱቅ የነበረው ልብስ ሰፊ። ሲሞት እሷ ሰባት ዓመቷ ነበር። ላፕቶፑ ላንቺ ነው ስላት ፊቷ በራ፤ ከዚያ ክዳኑን በእጇ ዳበስ አደረገችና፦

«ጋሼ፣ ከማጥፋትዎ በፊት አባቴን ያውጡልኝ» አለችኝ።

«የምን አባትሽን?»

«በቀብሩ ቀን ያነበቡትን። ወረቀቱ ቤት ስንቀይር ጠፋብን። እማዬን ስለሱ ስጠይቃት ታለቅሳለች፣ እኔም መጠየቁን ተውኩት። እኔ ደግሞ ድምፁን እንኳ አላስታውስም። እርስዎ ጋ አለ አይደል?»

«አለ እንጂ» አልኳት። ምላሴ ከኔ ቀድሞ ተናገረ።

ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ሰካሁትና ፋይሉን ከፈትኩ። ያሉት እማማ አልማዝ ብቻ ናቸው፤ ባለፈው ጥቅምት ያረፉት። ከሳቸው ሥር ስንት ሰው እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ዮሐንስም እዚያ ሥር አንድ ቦታ ነበር። ምን ላድርግ? የለመደ እጄ ሄደና የእማማን ስም አጠፋ፣ «አቶ ዮሐንስ» ብሎ ጻፈ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፣ አባት ተሠራ። ልጅቷ በምን ታውቃለች?

አነበብኩት። ደግ፣ ርኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ። ጓደኛዬን ከላይ እስከ ታች ፈልጌ አጣሁት። ይቺ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ አባቴ ብላ የምታስቀምጠው ይኼን ነው ብዬ ሳስብ አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ። ሐሳቤን ሳልቀይር «ሁሉም ይጥፋ» የሚለውን ተጫንኩት።

ስክሪኑ ጠቆረ። ነጫጭ ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው መዞር ጀመሩ፣ ከሥራቸው በመቶኛ ይቆጥራል። ሳያልቅ እንዳይነቀል ተብያለሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከሐይቁ በኩል ለስለስ ያለ ነፋስ ይመጣል። አሥራ ሁለት በመቶ። ነጠብጣቦቹ ሲዞሩ ዓይኔም አብሮ ይዞራል፤ ተኝቼ ይሁን ነቅቼ እንጃ። እማማ አልማዝ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ከኋላቸው ጡረተኛው መቶ አለቃ፣ ከዚያ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ደግነታቸውን ይዘው በግቢው በር በዝግታ ወጡ። ዮሐንስ ብቻ ቀረ። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ወገቤን ትክ ብሎ አየና «ወፍረሃል» አለኝ።

ብዕር ፈለግሁ፣ ያለፈ ዓመት ካላንደር ገለበጥኩና ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። የምገለብጠው ነገር ስላልነበረኝ፣ ከማስታወስ ሌላ መላ አጣሁ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ዮሐንስ «ነገ ይደርሳል» ያለው ልብስ ነገ ደርሶ አያውቅም። የሠርጌን ሱሪ ያመጣልኝ ከመልሱ በኋላ ነው። ቸርች ውስጥ ጸሎት ላይ ዓይኑን አይጨፍንም፤ የሰው ትከሻ ይለካል። ሲዘምር ድምፁ ከሁሉም ይበልጣል፣ ዜማው ግን የራሱ ነው። ሐዋሳ ተወልዶ ሐዋሳ አድጎ ውሃ ይፈራ ነበር፤ ጀልባ አጠገብ አይደርስም። ምሕረት የተወለደች ቀን ግን ከሆስፒታል ወጥቶ እጄን ይዞ ሐይቅ ዳር ወሰደኝ። «ዛሬ የሚያስፈራኝ ነገር የለም» ብሎ ጀልባ ላይ ወጣ። ወጣ እንጂ ዓይኑን አልገለጠም። እጄን እስኪደነዝዝ ጨምቆ፣ እስክንመለስ ድረስ «ስሟን ማን እንበላት?» እያለ ይጠይቀኛል። መሬት ስንረግጥ ዓይኑን ገለጠና «ምሕረት» አለ።

መቶው ሲሞላ ላፕቶፑ እንደማያውቀኝ ሰው ሰላም አለኝ፤ ስሜንም ጠየቀኝ። የጻፍኩትን ገልብጬ አስገባሁበት። በውስጡ ያለው ፋይል እሱ ብቻ ነው።

እሑድ ከቸርች መልስ ምሕረት መጣች። በረንዳው ላይ ተቀምጣ አነበበች። ጀልባው ላይ ስትደርስ ሳቀች፣ ተመልሳ ከመጀመሪያው አነበበችው፤ ሁለተኛው ላይ እንባዋ መጣ።

«ጋሼ፣ ይኼን መቃብር ላይ ሲያነቡት ሰው አልሳቀም?»

መዋሸት ይቻል ነበር።

«ይኼን አላነበብኩም። የጻፍኩት ትናንት ነው» አልኳት፤ አሠራሬንም አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት።

«ታዲያ ያን ቀን ያነበቡት የማንን ነበር?»

«የሁላችንንም» አልኳት።

ላፕቶፑን ዘጋችው፣ ደረቷ ላይ አቅፋው ቆመች፣ ጉንጬን ስማኝ ሄደች። ያ የሁላችን ደግነት እንግዲህ ጠፍቷል፤ ቅጂ የለኝም። ከአሁን በኋላ በሰፈራችን የሚሞት ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ ቀደም ብሎ ያሳውቀኝ። ጊዜ ያስፈልገኛል።